የአምባዛው ግጥም ባለቤት

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ያ ትልቁ ድርቅ ከመምጣቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ባል አልነበረኝም፤ እጀታዋ የላላ አንዲት የጽሕፈት መኪና ግን ነበረችኝ። ከተማው ውስጥ የሚነገር ነገር ወረቀት ላይ የሚወጣ ከሆነ በእኔ ጣት ማለፉ አይቀርም። የስብሰባ ጥሪ እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ ስብሰባው ያልተካሄደበትን ምክንያት እጽፋለሁ። «ይውደም» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላህ ይወቀው።

አለቃዬ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነበር። ረዘም ያለ፣ ቀይ፣ ጢሙን በጣም የሚወድ ሰው ነው። ንግግር ከማድረጉ በፊት ከደረት ኪሱ ትንሽ ማበጠሪያ አውጥቶ ጢሙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያስተኛል። ሰዉ ያንን ካየ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንደሚቆይ ስለሚያውቅ መቀመጫ ድንጋይ ይፈልጋል።

አንድ ቀን የሐይቁን ዓሣ አጥማጆች ሰብስቦ ስለ ቁጠባ አስተማራቸው። ሰዎቹ ከንጋት ጀምሮ ታንኳ ላይ የዋሉ ናቸው፤ መረባቸው ትከሻቸው ላይ እንደረጠበ ቆመው ይሰሙታል። «አብዮታዊ ሰው ሆዱን ያሸንፋል» ይላቸዋል። ከያዙት ቆሮሶ ዓሣ ውስጥ ትላልቁ ተመርጦ እሱ ቤት እንደሚገባ ደግሞ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነው። አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይዘቱ ስላልተለወጠ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ግጥም ጻፍኩ። አራት ቤት ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ሐይቁ ውበትና ዳር ቆማ ስለምትጠብቅ ልጅ ነው፤ የመጨረሻዎቹ እነዚህ ናቸው፦

አምባዛ ባለ ጢም ዳር ወጥቶ ያወራል፣
ትንንሹን ውጦ ስለ ጾም ይመክራል።

አምባዛን ያየ ያውቀዋል፤ አፉ ሰፊ፣ ጢሙ ረጅም የሆነ ዓሣ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ግጥሟን ለቀበሌው የኪነት ቡድን ክራር መቺ ሰጠሁት። እሱ ደግሞ በጥንቱ በአምባሰል ቅኝት አስገባትና ልምምድ ላይ ተጫወታት። ኃላፊው ሊጎበኝ መጥቶ ኖሮ ቆሞ ሰማ። ሲያልቅ ክራር መቺውን፣ «ይህ አምባዛ አድኃሪውን ነጋዴ ነው አይደል የሚወክለው?» አለው።

«አዎ ጓድ» አለ ክራር መቺው፤ ምን ይበል።

«በጣም ጥሩ። ይህን ይዘን ደሴ እንወዳደራለን።»

በማግስቱ የዝግጅቱን ዝርዝር እንድመታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ክራር፣ እገሌ፤ ከበሮ፣ እገሌ፤ ድምፅ፣ እገሊት። ከሁሉ በላይ «ግጥምና ድርሰት» ይልና የራሱ ሙሉ ስም ተጽፏል። ወረቀቱን ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«ጓድ፣ ይቺን የመጀመሪያዋን መስመር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ምን ሆነች?»

«ግጥሙን እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ቀና ብሎ በትዕግሥት አየኝ። «በአብዮታችን ውስጥ እኔ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«ታዲያ የሰፊው ሕዝብ ብዬ ልምታው?»

«አይ» አለ፤ «ኮሚቴው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይፈልጋል። የኔን ስም ጻፊው።»

ተመልሼ ተቀመጥኩና በገዛ ግጥሜ ላይ የእሱን ስም በገዛ ጣቴ መታሁት። ሦስት ኮፒ በካርቦን። እንዳልዋሽ፣ ስመታው ተናድጄም ስቄም ነበር። ሰውዬው ራሱን የሚሰድብ ግጥም ላይ ፈርሞ ደሴ ሊሄድ ነው፤ ይህን ያህል ድግስ በየቀኑ አይገኝም።

ደሴ ሄደው አንደኛ ወጡ። ኃላፊው የምስክር ወረቀትና የእጅ ሰዓት ተሸለመ፤ ሰዓቱን ከሸሚዙ እጅጌ በላይ ያስረው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ዘፈኑን አንድ የደሴ ካሴት ቤት ቀድቶ አወጣው። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ሐይቅ ላይ ሲቆም አምባዛዬን እያዘፈነ ነው።

እስከዚህ ድረስ ችዬው ነበር። ያቃተኝ ሌላ ነው። አንድ የገበያ ቀን የአክስቴ ልጅ ወደ አባባ የጨርቅ ሱቅ መጣችና ዘፈኑን ሰምታ፣ «ወላሂ፣ ያ ሰውዬ እንዲህ ያለ ሸጋ ልብ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሰዉ ሁሉ እኮ ወደደው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው፣ «ለካ በሆዱ ከእኛ ጋር ነው፤ ራሱን እየሰደበ ነው የሚነግረን» እያሉ ሰላምታውን ማሳመር ጀምረው ነበር። ግጥሜን መውሰዱ አንድ ነገር ነው፤ በግጥሜ መወደዱን ግን ልቀበለው አልቻልኩም።

ለጽሕፈት መኪናው ሪባን ልግዛ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁና ደሴ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። ጉዳዬን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ባሌ የደበደበኝ መስሏቸው ነበር፤ ግጥም መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«ይገርማል» አሉ፤ «በዚህ ነገር ሰው ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሕጉ ግን አለ።» ከጎናቸው የተቀመጠውን፣ ጠርዙ ያለቀ የሕግ መጽሐፍ አወጡና በጣታቸው እየተከተሉ ፈለጉት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ያንቺ ነው። ከጻፍሽበት ሰዓት ጀምሮ።»

«ማኅተም አያስፈልገውም?»

«ማኅተም ለእህል ጆንያ ነው። ድርሰት ባለቤት የሚኖረው ስለተደረሰ ብቻ ነው።»

ይህ ነገር በጣም ገረመኝ። በዚያ ዘመን ሰው ያለ ማኅተም መሞቱንም ማስረዳት አይችልም ነበር።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉና ይጠይቁኝ ጀመር። «ዜማውስ ያንቺ ነው?»

«አይደለም። የጥንት ነው፤ አምባሰል ነው።»

«እሱን ተዪው እንግዲህ። እሱ የማንም ነው፤ የሁላችንም። ስለ ዓሣ መግጠምም ያንቺ ብቻ አይደለም። ነገ ሌላው ተነስቶ ስለ አምባዛ ቢገጥም ልትከሺው አትችዪም። ያንቺ የሚሆነው አንቺ ያልሽበት አባባል ነው፤ ቃሉና አሰካኩ።»

«የጻፍኩት በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ነው» አልኳቸው፤ ኅሊናዬን ቆርቁሮኝ ነበር። «በሥራ ሰዓት።»

«ግጥም እንድትጽፊ ነው የቀጠሩሽ?»

«ታይፒስት ነኝ።»

«እንግዲያው ወረቀቱ የመንግሥት ነው፣ ቃሉ ያንቺ ነው። ወረቀቱን ከፈለጉ ይውሰዱት።» ቀጥለው ደግሞ፣ «ሰጥቼሃለሁ ብለሽ የፈረምሽለት ነገር አለ?» አሉ።

«የለም። ለክራር መቺው እንዲዘፍነው ነው የሰጠሁት።»

«እንዲዘፍነው መስጠት ሌላ፣ ስም መስጠት ሌላ። ቤትሽን ያከራየሽው ሰው የአባትሽን ስም አይወርስም። ካሴት ቤቱም ቢሆን ሳያስፈቅድሽ ማባዛቱ ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ጽሑፍ አለሽ?»

ከቦርሳዬ አወጣሁት። ከፊቱ «አብዮታዊ ሰው ሆዱን ያሸንፋል» የሚለው ቃለ ጉባኤ አለ፣ ከኋላው ግጥሙ። ሽማግሌው ፊትና ጀርባውን አገላብጠው አነበቡት። አምባዛው ጋ ሲደርሱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ይህን እንደ ዓይንሽ ጠብቂው» አሉኝ። «ለሰው አታሳዪ ማለቴም ነው።»

ማመልከቻውን ጻፉልኝ። አንዱን ደሴ ላሉት የባህል ሹም አስገባሁ፤ ግልባጩ እንደ ደንቡ ለመሥሪያ ቤታችን ሄደ። ሹሙ ትሁት ሰው ነበሩ። «ሕጉ አለ እህቴ» አሉኝ፤ «ግን የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ፎርም አላዘጋጀንለትም።» መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥተው አስገቡትና ነገሩ እዚያው ተኛ።

አባባ ይህን ሲሰማ ጨርቅ የሚለካበትን ዘንግ አስቀመጠ። አባባ ለሃያ ዓመት አቡጄዲ ሲሸጥ ከማንም ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው። «ልጄ» አለኝ፤ «ዛሬ ሰው ስሙን ከወረቀት ለማስፋቅ ይለምናል። አንቺ ለማስጻፍ ደሴ ድረስ ትሄጃለሽ?»

ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ የቅኔ መምህሩ ተቀምጠው ነበር። የሐይቁ ገዳም ሊቅ ናቸው፤ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኔ የማያቸው የገበያ ቀን ለተማሪዎቻቸው ጨርቅ ሊገዙ ሲመጡ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም የኔታ ነው የሚላቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤት የማይመታ ግጥም ባሳየኋቸው ቁጥር ሲያርሙኝ ኖረዋል። «እኛ ዘንድ» አሉ ወደ አባባ ዞረው፣ «የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ተማሪ ከሌባ ያንሳል። ሌባስ በግ ሲሰርቅ ቢያንስ በጉ አያፍርም።»

ነገሩ የተገለበጠው በአውቶቡስ ላይ ነው። የርዕዮተ ዓለም ትምህርትን የሚቆጣጠር አንድ ባለሥልጣን ከደሴ ወደ እኛ ሲመጣ መኪናው ተበላሽቶበት አውቶቡስ ተሳፈረ። ሹፌሩ ካሴቱን ከፈተ። አምባዛው ጋ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ባለሥልጣኑ ጎኑ የተቀመጡትን ሰውዬ፣ «ምኑ ነው የሚያስቀው?» አላቸው። ሰውዬው፣ «ምንም» አሉ። ከኋላ ያለችውን ጠየቀ፤ «ምንም» አለች። አርባ ሰው በምንም እንደማይስቅ ስለገባው ሐይቅ ሲደርስ ስብሰባ ጠራ።

ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሰባት ሰው ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ጸሐፊ ስላልነበረ። ባለሥልጣኑ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ይህን የገጠመው ማነው?» አለ።

ኃላፊያችን ተነሳ። በዚያች ሰዓት ጢሙን አላበጠረውም። «ጓድ፣ እኔ አይደለሁም» አለ። «ስሜ የገባው በጽሕፈት ስሕተት ነው። ደራሲዋ እዚህ የተቀመጠችው ታይፒስት ናት። ማስረጃ አለኝ።» ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዝዞ አወጣ። የእኔ ማመልከቻ ነው። ሽማግሌው በሚያምር አማርኛ የጻፉልኝ፣ «ይህ ግጥም የአእምሮዬ ፍሬና የግል ሀብቴ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ» የሚለው፣ ከነፊርማዬ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። መብቴን እንደዚያ አድርጎ የተከራከረልኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

ባለሥልጣኑ ወደኔ ዞረ። «ያንቺ ነው?»

የሰፊው ሕዝብ ነው ብል እንደሚያልፈኝ አውቃለሁ፤ ቃሉን ራሱ ኃላፊው አስተምሮኛል። ስለ ጀግንነት ለማውራት አይደለም፤ ጀግና አልነበርኩም። ግን ደሴ ድረስ ሄጄ የኔ ነው ያልኩትን ነገር እዚያ ተቀምጬ የኔ አይደለም ማለት አፌ እንቢ አለኝ። ትንሽም ኩራት ነበረበት።

«የኔ ነው» አልኩ። ይህንንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት።

«አምባዛው ማነው?»

«ዓሣ ነው።»

ባለሥልጣኑ በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ኖሮ በዚህ አልተታለለም። «ሰምና ወርቅ ያለው ነገር ነው» አለ። «የሚያውቅ ሰው ይጠራ።» የሚያውቅ ሰው ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነው። የኔታን ከገበያ አስጠሯቸው፤ ጨርቃቸውን በብብታቸው እንደያዙ መጥተው ተቀመጡ። እኔን አላዩኝም።

«የኔታ፣ ይህ ግጥም ሰሙ ምንድነው?»

ሁለት ጊዜ አስነበቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ሰሙ ዓሣ ነው።»

«ወርቁስ?»

«ወርቁም ዓሣ ነው።»

«እንዴት ይሆናል?»

«ወርቅ የሌለው ግጥም እንዲህ ነው። ቢቆፍሩት ያው ነው። ተማሪዬ ይህን ይዞ ቢመጣ እንጨት ልቀም ብዬ እሰደው ነበር። ልጅቷን ከሕፃንነቷ አውቃታለሁ፤ የደህና ሰው ልጅ ናት፤ ቅኔ ግን አልተሰጣትም።»

«ሕዝቡ ታዲያ ለምን ይስቃል?»

«ሕዝቡ ስለ ዓሣ ጢም ሲነገረው ይስቃል ልጄ። በባሰ ነገርም ሲስቅ አይቻለሁ።»

ባለሥልጣኑ ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ኃላፊውን አየ፤ ጢሙን በደንብ አየው። ምን እንደገባው አላውቅም። እኔ የማውቀው ውሳኔውን ነው፣ ስለጻፍኩት። የግጥሙ ደራሲ ታይፒስቷ መሆኗ ተረጋግጧል። ግጥሙ ፖለቲካዊ ይዘትም ኪነ ጥበባዊ ደረጃም የለውም። ደራሲዋ ግለ ሂስ ታድርግ። የራሱ ያልሆነ ሥራ ላይ ስሙን ያሰፈረው ጓድ ሽልማቱን ይመልስ። ዘፈኑ ከእንግዲህ በመድረክ አይቅረብ።

ግለ ሂሱን ቆሜ አደረግኩ። «ደካማ ግጥም በመጻፌ ተጸጽቻለሁ» አልኩ። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር። ማታ ማታ ለብቻዬ የምስማማበት ነገር በቀን ሲነገረኝ ደስ አይለኝም።

ቃለ ጉባኤውን መትቼ አስፈረምኩና አንድ ኮፒ ለራሴ አስቀረሁ። የኃላፊውን ሰዋስው ሁለት ቦታ አርሜለታለሁ። በሰባት ፊርማና በክብ ማኅተም የተረጋገጠ የደራሲነት ማስረጃ ከዚያ ሌላ በሕይወቴ አላገኘሁም።

በሚቀጥለው ገበያ የኔታ ሱቅ መጡ። ሰላም አልኳቸውና ፊቴን ወደ ጨርቁ አዞርኩ። ቆይተው፣ «አኩርፈሻል» አሉ።

«አላኮረፍኩም። ግን እውነት ወርቅ የለውም?»

አባባ ጨርቁን እየጠቀለለ ሳለ ወደ በሩ ሄዶ ውጭውን አየ። የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወርቁ ፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ምን ብዬ ላሳያቸው?» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ወዲያው፣ «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች ግን እውነትም ደካማ ናቸው። ሐይቁ ውብ ነው ብሎ መግጠም ምን ይሉታል፤ ማን አስተባበለ?» ብለው አቡጄዲያቸውን ይዘው ሄዱ።

ኃላፊው ከጥቂት ወር በኋላ ወደ ቆላው ተዛወረ። የምስክር ወረቀቱን መለሰ፤ ሰዓቱ ተበላሽቷል ተባለ። ዘፈኑ ከመድረክ በመታገዱ ካሴቱ በፊት ከሚሸጠው በላይ ይሸጥ ጀመር። አንድ ቀን ደሴ ካሴት ቤቱ ገብቼ፣ «ይህን የገጠመው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ፣ «የጥንት ነው እህቴ፤ አያቶቻችን ሲሉት የኖሩት ነው» አለኝ። ቃለ ጉባኤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ላውጣው አልኩና ግለ ሂሱ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። አንድ ካሴት ገዛሁ፤ የራሴን ግጥም በገንዘቤ መግዛቴ ነው።

በዓመቱ ኪነቱ አዲስ ግጥም እንድጽፍ ጠየቀኝ። ስሜ ካልተጻፈ አልጽፍም አልኩ፤ አዲሱ ኃላፊ ያለፈውን ስለሰማ ሳያንገራግር ተስማማ። ርዕሱን ግን እሱ ሰጠኝ፣ ስለ ማዳበሪያ። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። በደሴው ውድድር ስሜ በትልልቅ ፊደል መጋረጃው ላይ ተሰቀለ፣ እማም አባባም ደሴ ድረስ መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። መጨረሻ ወጣን። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አባባ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ስምሽ ግን በደንብ ይነበብ ነበር» አለኝ።